አያ ማለደ ከገደል አልወደቁም

የደባርቁ የተራራ መንገድ መሪ አቶ ማለደ እንግዳው ማረፋቸውን የነገረችኝ ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስ እያመጣች ጎንደር የምትሸጥ ሴት ናት። ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ወሬው ጎንደር የደረሰው ከተቀበሩ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ሴትዮዋ የማውቃቸው መሆኔን አላወቀችም። ገብሱን እየሰፈረችልኝ፣ «ያ ደባርቅ የነበረው አንካሳው መንገድ መሪ እኮ ሞተ» አለችኝ።

«የትኛው?» አልኳት። ልቤ ግን አውቆት ነበር።

«ያ ገደል የጣለው ነዋ!» አለች።

ገብሱን እዚያው ትቼ ቤቴ ገባሁ። ያን ቀን ያለቀስኩት ስለ መሞታቸው ብቻ አልነበረም። «ገደል የጣለው» የሚለው ቃል እስከ መቃብራቸው ተከትሏቸው መሄዱ አቃጠለኝ። ዛሬ ደርግ ወድቆ መንገዱ ተከፍቷል። ሙት ዓመታቸው ደባርቅ ላይ ሊወጣ ስለሆነ፣ እሳቸውን የምታውቁ ሁሉ በተሰበሰባችሁበት እንዲነበብልኝ ይህን ጽፌያለሁ። ስሜ የሺ ነው። ዳባት ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር የነበርኩ፣ በእግር መሄድን ከእሳቸው የተማርኩ ሴት ነኝ። የምነግራችሁ ነገር አለኝ፤ አስቀድሜ ግን እንዴት ያሉ ሰው እንደነበሩ ልናገር።

አያ ማለደ የተወለዱት ደረስጌ ማርያም አካባቢ ነው። አባታቸው ቄስ ሊያደርጓቸው አስበው የኔታ ዘንድ ቢያስገቧቸውም ዳዊቱን ሳይጨርሱ የነጋዴ በቅሎ ተከትለው ጠፉ። «ድምፄ ለቅዳሴ አልሆነም፤ እግሬ ግን ሁሉ ቦታ አደረሰኝ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ደባርቅ ገብስ አራግፈው ሊመለሱ ሲሉ ሁለት ፈረንጆች ተራራውን በእጃቸው እያሳዩ በቅሎ ሲለምኑ አገኟቸው። ቋንቋ አልተግባቡም። ዕቃቸውን ጭነው ስድስት ቀን ይዘዋቸው ዞረው በደኅና መለሷቸው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አልፈለጉም። ንጉሡ እስኪወርዱ ድረስ ዋልያና ጭላዳ ሊያዩ፣ ገደሉን ሊያዩ፣ ራስ ዳሸን ሊወጡ የሚመጡትን እንግዶች በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ሲመሩ ኖሩ። ጉም ሲወርድ ሰውን ሁሉ በአንድ መጫኛ አያይዘው ያሻግራሉ። የታመመ እንግዳ ከበቅሎ እንዳይወድቅ ከኮርቻው ጋር አስረው፣ ጎን ጎኑን እየደገፉ ያወርዳሉ። አንዱ እንግዳ ሲሰናበታቸው ከእግሩ አውልቆ የሰጣቸው ወፍራም የቆዳ ቡት ጫማ ነበራቸው። ቅባት እየቀቡ ዓመታት አደረጉት፤ ደባርቅ ውስጥ ያን ጫማ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

የሚኮሩበት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «በእኔ እጅ ገደል የገባ ሰው የለም። እኔም ገብቼ አላውቅም» ይሉ ነበር፤ ይህንንም የሚሉት ጮክ ብለው ነው።

ደርግ ሲመጣ እንግዶቹ ቀሩ። ሌሎቹ መሪዎች አንዳንዶቹ ወደ እርሻ፣ አንዳንዶቹ ወደ ንግድ ገቡ። እሳቸውን በየስብሰባው «የፈረንጅ ተከታይ» እያሉ ይነኳቸው ጀመር። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናንዬ በገብስ ማሳቸው ቤቱን ያዙት። እሳቸው ግን የተራራው መንገድ ሰው አጥቶ ሣር እንዲበቅልበት አልፈለጉም። አንድ ቀን ያን ጫማ አድርገው፣ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ዳባት ድረስ መጡና የመምህራን ክፍላችን በር ላይ ቆሙ።

«እግር ያለው አስተማሪ እፈልጋለሁ» አሉ።

ተሳሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ፈረንጁ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ያየውን እናንተ ዳባት ተቀምጣችሁ አላያችሁትም። ስንቃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉን።

አምስት ሆነን ሄድን። ከአምስታችን ሁለታችን ሴቶች ነበርን፤ እኔና ጽጌ። ጽጌ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት፤ አንድ ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። በካርታ የምታስተምረውን ተራራ በዓይኗ አይታው አታውቅም። በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረን፣ የሸራ ጫማችንን አድርገን ተነሣን። ከሳንቃበር ወዲያ መንገዱ ወደ ገደሉ አፍ በተጠጋበት ቦታ በእጄና በእግሬ መዳህ ጀመርኩ። አያ ማለደ ሌሎቹን አሳልፈው ተመለሱና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ፈራሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ፈራሁ።»

«ደግ። የማይፈራ ሰው ይዤ መሄድ አልወድም። አሁን ስሚኝ፤ ስትሄጂ መንገድሽን እይ፤ ስትቆሚ አገሩን እይ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ላድርግ ያለ ነው የሚወድቀው።»

ተነሥቼ ሄድኩ። ከገደሉ ባሻገር ያለውን አገር ያየሁት ቆሜ ነው፤ እሳቸው ያን ሁሉ ጊዜ የነጠላዬን ጫፍ ይዘው ነበር። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ዘመዶቼ መሄድ ተውኩ። እረፍት በመጣ ቁጥር ተራራ ላይ ነበርን። ኑሯችን ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ሆነን የምናወራው ስለ ጅባራው ተክል፣ ስለ ጓሳው ሣር፣ ስለሚቀጥለው ጉዞ ነበር።

አንድ ጊዜ ራስ ዳሸን ልንወጣ ተነሥተን ግጭ ደርሰን ሳለ አንድ ገበሬ እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። አያ ማለደ ወዲያው የቆመውን ድንኳን ነቀሉ። ሸራውን በሁለት የአስታ እንጨት ወጥረው ቃሬዛ አደረጉት። ያ ድንኳን ከእንግዶቹ ዘመን የቀራቸው አንድ ዕቃ ነበር። ጽጌ፣ «ለራስ ዳሸን ይህን ያህል መጥተን!» አለች።

«ራስ ዳሸን የትም አይሄድም» አሏት። «ይቺ ግን ልትሄድብን ነው። ያዢ በዚያ በኩል።»

ያን ቀን ሙሉ፣ በማግስቱም እስከ እኩለ ቀን ተሸክመን ደባርቅ ጤና ጣቢያ አደረስናት። ሴትዮዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። አያ ማለደ አባትየውን ደጅ አገኙት። አጠገቡ ተቀምጠው እጁን ያዙ። ወደ ማታ የሕፃኑን አስከሬን ሲያወጡት ተነሥተው የራሳቸውን ጋቢ አለበሱት።

ቀጥሎ ቀይ ሽብር መጣ። ስለዚያ ዘመን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በአንድ ስብሰባ ላይ የጽጌ ስም በፀረ አብዮተኛነት ተጠራ። በማግስቱ አውቶቡስ ይዤ ደባርቅ ሄድኩ። አያ ማለደ ደጃቸው ተቀምጠው ኮርቻ ይጠግኑ ነበር።

«አያ ማለደ፣ ጽጌ ስሟ ተጠርቷል። ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ ይወስዷታል» አልኳቸው።

መስፊያውን አስቀመጡት። «እግሯ ደኅና ነው?» አሉ።

«ደኅና ነው።»

«እንግዲያው ምን ቀረ» አሉና ወደ በቅሏቸው ሄዱ።

በዳባት ገበያ ቀን፣ ሰው በበዛበት ሰዓት፣ ጽጌ የባላገር ቀሚስ ለብሳ ሻሿን አስራ ገብስ ከተጫነችው የአያ ማለደ በቅሎ ኋላ ሄደች። ሰው ስላለ መተቃቀፍ አልቻልንም። «ገበያሽን ቶሎ ጨርሺና ነይ» አልኳት፤ «እሺ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ወደ አርማጭሆ ቆላ ሲወርዱ በሁለተኛው ቀን የጽጌ የሸራ ጫማ ተበጫጭቆ አለቀ። አያ ማለደ ቁጭ አሉና ቡት ጫማቸውን አወለቁ። እንዳይሰፋት ነጠላቸውን ቀድደው ወተፉበት። እምቢ ብትላቸው፣ «ይህ ጫማ ከመምጣቱ በፊትም እግር ነበረኝ» አሏት። ቆላው ውስጥ በሚያምኑት የድሮ የንግድ ጓደኛቸው እጅ አስረከቧት፤ እሱም ሱዳን አሻገራት። እሳቸው ባዶ እግራቸውን፣ ባዶ በቅሎ እየነዱ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ዋናው መንገድ ወጡ።

ኬላው ላይ ከነበሩት ታጣቂዎች አንዱ ደባርቅን የሚያውቅ ነበር። «ማለደ፣ ጫማህስ?» አላቸው።

«ወንዝ ወሰደብኝ» አሉ።

ወሩ የካቲት ነበር። በየካቲት የሰው ጫማ የሚወስድ ወንዝ በዚያ አገር የለም። ከዚያው ይዘው ጎንደር እስር ቤት ወሰዷቸው።

ዳባት ላይ ካድሬዎቹ እኔንም ጠይቀውኝ ነበር። «የቤት ጓደኛሽ የት ገባች?» ሲሉኝ «እናቷ ታመውባት ሄደች» አልኩ። ልብሴን በአንድ ጨርቅ ቋጥሬ በሩ ሥር አስቀመጥኩ። መኪና በሰማሁ ቁጥር መጡ እላለሁ። ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ፤ ማንም አልመጣም። የአያ ማለደን ወሬ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። ደባርቅ ሰው ሁሉ ቆላ ለንግድ ወርደው የዘገዩ መስሎት ነበር።

ሰኔ ሲገባ አንድ የእህል ጭነት መኪና ደባርቅ አወረዳቸው። «አወረዳቸው» ያልኩት በእውነት ነው፤ ሁለት ሰዎች ደግፈው ነው መሬት ያስነኳቸው። ሰው ተሰበሰበ። «አያ ማለደ፣ ምን ሆኑ?» አላቸው።

«ገደል ጣለኝ» አሉ።

«ቆላ አንድ ገበሬ ቤት ተኝቼ ነው የከረምኩት፤ እሱ ነው ያስታመመኝ» ብለው ጨመሩ። ሲለቋቸው የደረሰባቸውን ለማንም ላይናገሩ አስፈርመዋቸው ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

በእሑዱ ሄድኩ። ወይዘሮ እናንዬ አጥሩ ሥር ተቀበሉኝ። «እውነት ገደል ነው?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ገደል የሰው ውስጥ እግር ይገርፋል?» አሉኝና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ወፌ ላላ የሚሉትን ግርፋት በወሬ ነበር የማውቀው። ገብቼ አየሁት። ውስጥ እግራቸው ጥቁርና ቀይ፣ ሥጋው ተቆርጦ የተገጣጠመ ነበር። የግራ እግራቸው ጣቶች አይታጠፉም። ያን ሁሉ ተራራ የረገጠ እግር ነው። ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ።

«ተነሺ፣ ተነሺ» አሉ። «ልጅቱ ተሻግራለች።»

«ስለ እኔ ጠየቁዎት?»

«ጠየቁኝ። ‹የሺ የምትባለውን አስተማሪ ታውቃለህ?› አሉኝ። ‹አላውቃትም› አልኩ። በየቀኑ ጠየቁኝ፤ በየቀኑ አላውቃትም አልኩ።» ቀጠል አድርገው፣ «ውሸት ነው። ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ንስሐ ሰጥተውኛል» አሉ።

እኔ በነፃነት ልጆች ሳስተምር፣ ገበያ ስሄድ፣ አልጋዬ ላይ ስተኛ፣ እሳቸው በየቀኑ «አላውቃትም» ይሉ ነበር።

እውነቱን ለሰው ልናገር ብዬ ብዙ ጊዜ ለመንኳቸው። «ወደቀ ይበሉኝ» ይሉኛል። «አንቺን ቢወስዱሽ ለእኔ ምን ይረባኛል? የወንድሜ ልጆች ያንቺ ተማሪዎች ናቸው፤ አስተምሪልኝ።» እንደ ቀላል ነገር ነበር የሚሉት። ቀላል እንዳልነበረ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የገበያ ቀን አጠገባቸው ቆሜ ሳለሁ ሁለት የቀድሞ መሪዎች መጡ። አንደኛው ሳቅ እያለ፣ «እህ ማለደ፣ ‹አልወድቅም› ስትለን ኖረህ!» አላቸው።

እሳቸውም ሳቁ። «እርጅና ነው ወንድሜ፤ ዓይኔም ደከመ» አሉት።

የሳቁት በአፋቸው ብቻ ነበር። ዱላቸውን ተደግፈው ቁልቁል እግራቸውን ተመለከቱ። አፌን ልከፍት ስል ቀና ብለው አዩኝ። ዘጋሁት። አብሬ ፈገግ ማለቴን ደግሞ እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

ያ ውሸት አንድ ነገር ላይ ጠቀማቸው። ጦርነቱ ወደ ስሜን ሲቀርብ መንገድ የሚያውቅ ሰው በሁሉም ወገን ተፈለገ። አንድ ጊዜ የመንግሥት ወታደሮች፣ ሌላ ጊዜ ከወዲያኛው ወገን የመጡ ታጣቂዎች ቤታቸው መጥተው በበቅሎ ጭነንህ እንሂድ፣ መንገዱን አሳየን አሏቸው። ለሁሉም የሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ «የወደቅሁ ጊዜ ጭንቅላቴን ተመትቻለሁ፤ መንገዱ ሁሉ ጠፍቶብኛል።» የመሣሪያ ሰው መርቼ የማውቃቸውን ሰዎች ቀዬ አላስነካም ማለታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው «አእምሮውም ተነካ» ይላቸው ጀመር። መንገድ ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ «እኔ ምኑን አውቄው» ይሉ ነበር፤ ያን ተራራ እንደ መዳፋቸው የሚያውቁት ሰው።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ደብዳቤ በሰው እጅ ደረሰኝ። ስም የለበትም፤ ጽሕፈቱ የጽጌ ነበር። ደባርቅ ይዤ ሄጄ አነበብኩላቸው። በሕይወት እንዳለች፣ አንድ ትምህርት ቤት ሥራ እንዳገኘች፣ ጫማውን እንዳስቀመጠችው ይላል። «እንደገና አንብቢው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወይዘሮ እናንዬን ጠሩና፣ «እናንዬ፣ ነይ ስሚ፤ ልጅቱ ታስተምራለች» አሉ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ደብዳቤውን እዚያው ምድጃው ውስጥ አቃጠልነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ወደ ጎንደር ተዛውሬ ልሰናበታቸው ስሄድ ነው። አልጋ ላይ ነበሩ። እግራቸው እያመረቀዘ ዓመታት አሠቃያቸው፤ ያን ጊዜ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏቸው ነበር። በሩን እንድዘጋ ነገሩኝ። «ነይ እንሂድ» አሉኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው በሐሳብ ከደባርቅ አስነሡኝ። «ወንዙን ተሻገርን። ድንጋዩ ያሟልጫል፤ በቀኝ በኩል እለፊ። አሁን የአስታው ዛፍ ጀመረ። ሳንቃበር ነን፤ ውኃ ጠጪ።» እያንዳንዷን ቋጥኝ፣ እያንዳንዷን እጥፋት እየጠሩ ግጭ አደረሱኝ፤ ጨነቅ አደረሱኝ። አንድም ቦታ አልሳቱም። ከጨነቅ በላይ ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው። «እዚህ ትንሽ እንረፍ» አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። አውቶቡሱ ኮሶዬን እስኪያልፍ አለቀስኩ። ጥቂት ቆይቶ መንገዱ ተዘጋ።

እንግዲህ ወዳጆቻቸው ሆይ፣ ስሙኝ። አቶ ማለደ እንግዳው አንድም ቀን ከገደል ወድቀው አያውቁም። እግራቸውን የሰበረው ሰው ነው። የሰበራቸውም አንዲት ሴት ስላሻገሩና ሌላይቱን አሳልፈው ስላልሰጡ ነው። «ገደል የጣለው» የምትሉ ሁሉ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ቃል ተዉት። ያን ቀን ገበያ ላይ የሳቃችሁ ብትኖሩም አልወቅሳችሁም። እናንተ አታውቁም ነበር፤ እኔ ግን አውቅ ነበር።

አያ ማለደ፣ ያለ ፈቃድዎ ተናገርኩ። ከልክለውኝ ነበር፤ በሕይወት ቢኖሩ ዛሬም ይከለክሉኝ ነበር። ባለቤትዎ ግን «ሙት ዓመቱን እንኳ በእውነተኛ ስሙ ላውጣለት፤ ንገሪልኝ» አሉኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። የሚቆጡ ከሆነ እኔን ይቆጡኝ። በተረፈልኝ ዕድሜ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ብዙ ልጆች ማንበብ አስተምሬያለሁ። ይህ ሁሉ የእርስዎ ነው፤ እያንዳንዱ ቀን ከእግርዎ ላይ ተቆርጦ የተሰጠኝ ነው። እንዴት እንደምመልሰው አላውቅም፤ የሚመለስም አይደለም። በሕይወት ሳሉ በሰው ፊት ቆሜ «ውሸት ነው፤ እሳቸው አልወደቁም» ማለት ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ። ነፍስዎን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ። ደኅና ይረፉ።